በሌላ ስም የተቀመጠ ድምፅ

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማዋ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ በዚህም የካሴት ዘመን አልፏል። ዛሬ ሙዚቃ የሚሸጠው አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ድምፅ ማጉያ በያዘች ጠባብ ክፍል ነው። ደንበኛው የስልኩን ሚሞሪ ያወጣና ለባለሱቁ ይሰጣል፤ ባለሱቁ የፈለገውን ይጭንለታል፤ ሒሳብ ተከፍሎ መለያየት ነው።

ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ግን አብዛኞቹ ዘፈኖች ስም የላቸውም። አንዱ «ትራክ 07» ይላል፤ ሌላው ቁጥር ብቻ ነው። ማን ዘፈነው? መሰንቆውን ማን መታው? የት ተቀረፀ? በስንት ዓመተ ምሕረት? አንዱም አልተጻፈም። ድምፁ ኪስ ውስጥ አለ፤ ባለቤቱ ግን የለም።

ብዙ ሰው ያልሰማው የኢትዮጵያ ክላሲካል ሙዚቃ ታሪክም ከዚህች ሚሞሪ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቀረፃው ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢሆንም ድምፁ በሌላ አገር መደርደሪያ፣ አንዳንዴም በሌላ ስም ተቀምጦ፣ የሚፈልገው ሰው እስኪመጣ ሲጠብቅ ኖሯል። የዲላን አካባቢ ሕዝብ፣ ጌዴኦን፣ የሚመለከተው ክፍል ደግሞ የሕዝቡ መጠሪያ ራሱ በመለወጡ ፍለጋው ድርብ ነው።

«ክላሲካል» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቤትሆቨንንና ሞዛርትን ነው። ቃሉ ግን ሰፊ ነው። ሥርዓት ያለው፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በረጅም ትምህርት የሚተላለፍ፣ በጥሞና ሊደመጥ የተሠራ ሙዚቃ ሁሉ የሚጠራበት ነው። በዚህ ሚዛን ኢትዮጵያ ባለጸጋ ናት። ትውፊቱ ወደ 6ኛው መቶ ዓመት ወደ ቅዱስ ያሬድ የሚመልሰው ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተከፍሎ እስከ ዛሬ ይዜማል፤ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮም ከቃላቱ በላይ በሚጻፉ ምልክቶች ይመራል። ድጓን ጠንቅቆ ለማወቅ የአንድ ተማሪ የወጣትነት ዕድሜ ያልቃል። በገና አለ፤ በኖታ የተጻፈ የፒያኖና የኦርኬስትራ ሥራ አለ፤ በደቡብ ተራሮች ደግሞ ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው የሚገናኙበት የኅብረት ዜማ አለ። የተቀረፀው የዚህ ሁሉ ጥቂቱ ነው፤ ከተቀረፀውም የተደመጠው የጥቂት ጥቂት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅን አስቀርቶ መልሶ የሚያሰማው መሣሪያ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ገና በጠዋቱ በደብዳቤነት አገለገለ። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃሏን በፎኖግራፍ ሰም ላይ አስቀርጻ ላከች። ቃሉ ከተሰማ በኋላ ሰሙ እንዲጠፋ አዝዛ ስለነበር እንደ ትእዛዟ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም መልሳቸውን በገዛ ድምፃቸው ቀድተው ላኩ። ለአገሩ የድምፅ ታሪክ ይህ መነሻ ብዙ ይናገራል፤ የተቀረፀ ድምፅ ሊጠፋም ሊቆይም የሚችለው በያዘው ሰው ፈቃድ መሆኑ ገና ከጅምሩ ታይቷልና።

ሙዚቃው የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን ከአባላቱ መካከል ኤሪክ ካሽከ የተባለ ሐኪም ነበረው። ካሽከ ከሕክምናው ጎን ለጎን ፎኖግራፉን ተሸክሞ በአካባቢው የሰማውን ዜማና ዘፈን በሰም ጥቅል ላይ ይቀዳ ነበር። እንዲህ ያሉ ቀረፃዎች የሚቀመጡበት የበርሊኑ የድምፅ ቤተ መዛግብት በ1900 የተቋቋመ ሲሆን፣ የሰም ጥቅሎቹ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም የመዛግብት ቅርስነት ተመዝግበዋል። ልብ ይባል፦ የአክሱም ድምፅ የተጠበቀው በርሊን ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በርሊን ራሷ ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አገኘች። በ1908 ምኒልክ ስለ አውቶሞቢል እንዲማሩ ወደ ጀርመን ከላኳቸው ወጣቶች አንዱ ተሰማ እሸቴ ነበር። ተሰማ ቅኔ የሚቀኝ፣ መሰንቆ የሚመታ፣ ቃል የሚታዘዝለት ሰው ነው። ስለ መኪና ሊማር ሄዶ፣ በዚያው የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በንግድ ሸክላ ላይ አስቀርፆ ተመለሰ። በኋላም ነጋድራስ ተብሎ በከፍተኛ ሹመት አገልግሏል።

የነጋድራስ ተሰማን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልጁ በኩል ነው። ልጁ ይድነቃቸው ተሰማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በ1987 የመራ፣ በስፖርቱ ዓለም ስሙ የገነነ ሰው ነበር። የአባቱ ድምፅ ግን ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ከጥቂት ሰብሳቢዎች እጅ አልወጣም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክስ» በሚል ስም ባዘጋጀው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 27ኛውን ቅጽ ለእነዚህ ሸክላዎች ሲሰጥ፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሸክላ ወደ ሕዝብ ጆሮ የተመለሰው ያኔ ነው።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ? አንዱ ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። የድሮው ሸክላ በአንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር። በኋላ የመጣው ትንሹ ሸክላም ከዚያ ብዙ አይዘልም። ለከተማ ባንድ ዘፈን ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። በገና ደርዳሪ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ገና አውታሩን እያሟሸ፣ ልቡን እየሰበሰበ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው ማኅሌት፣ መንደሩ ሁሉ እየተቀባበለ የሚያዜመው የደቡብ ዘፈን እንዴት አድርጎ ሸክላው ላይ ይገባል? ሌላው ምክንያት ገበያ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 የመንግሥቱን ብቸኛ የማሳተም መብት ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት፣ እርሱን ተከትለውም ሌሎች አሳታሚዎች ሲመጡ፣ የታተመው በአብዛኛው የአዲስ አበባ ዘመናዊ ዘፈን ነበር። ያ ሥራ የአገሩን ወርቃማ ዘመን አስቀርቶልናል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ፒያኖ ብቻውን፣ በገና ብቻውን፣ የገጠር ኅብረ ዜማ ግን ከገበያው ውጭ ቀሩ።

ከገበያ ውጭ ከቀሩት አንዷ መነኩሲት ነበሩ።

የውብዳር ገብሩ በታኅሣሥ 1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እኅታቸው ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ስንዱ ገብሩ ናቸው። በ6 ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ቤተሰቡ ተግዞ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም ወደ ኔፕልስ አቅራቢያ ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ላይ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል ሲከለከሉ ልባቸው ተሰበረ፤ ዓለሙን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ። በዚያ ተራራ ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ሲኖሩ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ።

እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያስቀረጹት በ1967 ጀርመን አገር ነው፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች እንዲውል ነበር። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። ዓለም በሰፊው የሰማቸው «ኢትዮጲክስ» 21ኛ ቅጹን በ2006 ካወጣላቸው በኋላ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ሸክላ 39 ዓመት ቆይቶ ነው። መጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

የእማሆይን ፒያኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ግራ እጅ ሥርዓቱን በጠበቀ፣ በሚወዛወዝ እርምጃ ይሄዳል። ቀኝ እጅ ግን ጊዜውን አይጠብቅም፤ አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዲት ኖታ ላይ ቆሞ በዙሪያዋ ይሽከረከራል። ሾፓን የተማረ ሰው ሾፓንን ይሰማበታል። ቅዳሴ እየሰማ ያደገ ደግሞ መሪጌታው ዜማውን ሲያስረዝም፣ ድምፁን ሲሰብርና ሲያጥፍ ይሰማዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፒያኖ ቁልፎቹ የተቆራረጡ መሣሪያ ሆኖ ሳለ እማሆይ ዜማ እንደሚያንቆረቁር ጉሮሮ አደረጉት።

በዚያው በ1967፣ እማሆይ ጀርመን ሸክላቸውን ባስቀረጹበት ዓመት፣ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሐንጋሪ ላይ ይታወቅ ጀመር። አሸናፊ ከበደ በ1938 አዲስ አበባ የተወለደ፣ አሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር የነበረ ሰው ነው። «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለው የኦርኬስትራ ሥራው ሐንጋሪ ውስጥ ሲቀርብ አድማጮች «ጥቁሩ ኮዳይ» አሉት።

ይህ ስያሜ ለሐንጋሪዎች ተራ ሙገሳ አልነበረም። ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ ከ1905 እና ከ1906 ጀምሮ ፎኖግራፍ ተሸክመው ከመንደር መንደር እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን በሰም ላይ የቀዱ ሰዎች ናቸው። አሮጊቶችን ከፎኖግራፉ ቀንድ ፊት አስቀምጠው አዘፈኗቸው፤ ማን እንደዘፈነው፣ በየትኛው መንደር፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ በጥንቃቄ መዘገቡ። ከዚያ ቀረፃ ነው የ20ኛው መቶ ዓመት ታላላቅ ሥራዎች የተወለዱት። የሐንጋሪ ክላሲካል ሙዚቃ እናቱ የገጠር ሴት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሸናፊም የተነሳው ከእረኛው ዋሽንት ነው። አራት ቀዳዳ ያላት፣ እያንዳንዷ ለአንድ መነሻ ድምፅ ብቻ የምትሆን፣ ስለዚህ ነፊው ብዙ ዓይነት በጉያው የሚይዝላት ይህቺ የሸምበቆ መሣሪያ፣ ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለአውሮፓ ኦርኬስትራ አስተማረች።

አሸናፊ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የዶክትሬት ዲግሪውን ይዞ ሲያስተምር ኖረ። ለጃፓን ኮቶ፣ ለክላርኔትና ለቫዮሊን የተጻፈው «ኮቱራሲያ» ምን ያህል ሩቅ እንዳየ ያሳያል። በ1998 ፍሎሪዳ ውስጥ ሲያርፍ ሥራዎቹን በአገሩ የሰማቸው ጥቂት ሰው ነበር። እነሆ ዛሬም እንደዚያው ነው። የእረኛውን ዋሽንት ዛሬ በፒያኖ የሚያሰማው ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በ1967 የተወለደው ግርማ በልጅነቱ ክራር እየተጫወተ አድጎ፣ በያሬድ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተማረና ሶፊያ ሄዶ በኮንሰርቫቶሪ ተመረቀ፤ የሾፓንና የሹማን ሥራዎችን ከራሱ ድርሰቶች ጋር አጣምሮ በልዩ ልዩ አገሮች መድረክ አቅርቧል።

ያሬድ ትምህርት ቤት የአውሮፓን መሣሪያ ሲያስተምር፣ አንድ ግብፃዊ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። የሙዚቃ ደራሲው ሐሊም ኤል-ደብ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ ከየአካባቢው መጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ልፋቱ ቀላል አልነበረም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ቅኝት ብቻውን ሲኖር የቆየ ነውና ማስማማቱ ራሱ አዲስ ድርሰት ነበር። በኋላ ቡድኑን ተስፋዬ ለማ መራው። አሜሪካዊው የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ቻርልስ ሳተን ከቡድኑ መሰንቆ መቺ ከጌታመሳይ አበበ ተምሮ ከእነርሱ ጋር ተቀመጠ። በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» ተብለው አሜሪካን ዞሩ፤ በኤድ ሳሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ታዩ። በ1975 ቡድኑ ፈረሰ። ሥራው በ«ኢትዮጲክስ» 23ኛ ቅጽ ይገኛል።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ዘመን ለመንፈሳዊ ሙዚቃ የከበደ ነበር። በደርግ ጊዜ በገና ከራዲዮ ጠፋ። ዓለሙ አጋ በ12 ዓመቱ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና መማር የጀመረ፣ በያሬድ ትምህርት ቤትም መሣሪያውን ያስተማረ ሰው ነው። የበገናን ድምፅ የሚያውቅ ያንን የንብ መንጋ የመሰለ ንዝረት ያስታውሳል። ንዝረቱን የሚፈጥረው እንዝራ ይባላል፤ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት። አውታሩ በእርሷ ላይ እየተርገበገበ አሥሩም ጅማቶች ደረት ውስጥ ይገባሉ። እንዝራውን ለማስተካከል በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትንሽ ከሳተች ድምፁ ይደፈናል። ዓለሙ በ«ኢትዮጲክስ» 11ኛ ቅጽ ያሰማው ይህንን ነው።

እስካሁን የተቆጠሩት ስሞች ሁሉ በዋናነት የመሐልና የሰሜን አገር ናቸው። ደቡቡስ?

የደቡብን ድምፅ ቀድተው ለዓለም ካሰሙት መካከል ጂን ጄንኪንስ ትጠቀሳለች። አሜሪካ የተወለደችው ጄንኪንስ ለንደን በሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም የሙዚቃ መሣሪያዎች ኃላፊ ነበረች። በ1960ዎቹ መቅረጫዋን ይዛ ኢትዮጵያን ዞረች፤ ዩኔስኮ ካሳተማቸው ሸክላዎቿ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ሌላው ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ኩሻዊ ሕዝቦች ሙዚቃ የተሰጠ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ፈረንሳዊው በርናር ሎርታ-ዣኮብ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ ዶርዜ ዘንድ ሄዶ የወንዶቹን ኅብረ ዜማ ቀዳ። ሽሮ ሜዳ ሄዶ የዶርዜን ሸማ ያልገዛ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ያ ሸማኔ ከመወርወሪያው ጀርባ የሚያዜመው ዜማ ግን ፓሪስ ውስጥ በሸክላ ታትሞ የሙዚቃ ሊቃውንትን እንዳስደነቀ የሚያውቅ ከዚያም ያነሰ ነው። በዶርዜ አዘማመር ሁሉም አንድ ዓይነት አያዜምም፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው በላይ ይገባል፣ ሌላው ከሥር ይጎትታል፣ ድምፆቹ እንደ ድርና ማግ ይጠላለፋሉ።

የጌዴኦን ድምፅ መፈለግ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለበት። የጌዴኦ ቋንቋ ጌዴኡፋ ከሲዳማ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከቡርጂ ቋንቋዎች ጋር የምሥራቅ ደጋ ኩሻዊ ወገን ነው። ይሁንና በ1960ዎቹና ከዚያ በፊት በተጻፉ መጻሕፍትና በተመዘገቡ መዛግብት ውስጥ «ጌዴኦ» የሚለውን ስም መፈለግ ብዙም አያዋጣም። ሕዝቡ ያኔ በውጭ ሰዎችና በመንግሥት መዝገብ የሚጠራው «ደራሳ» እየተባለ ነበር፤ ጌዴኦዎች ግን ራሳቸውን የሚጠሩት ጌዴኦ ብለው ነው። አስተዳደሩም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የደራሳ አውራጃ ይባል ነበር። ስለዚህ አንድ መዝገብ ላይ «ሲዳሞ» ተብሎ የተጻፈ ድምፅ የሲዳማ ሊሆን ይችላል፣ የጌዴኦ ሊሆን ይችላል፣ የጉጂም ሊሆን ይችላል። ለጠቅላይ ግዛት የተሰጠ ስም ሦስት ሕዝብ ይውጣል።

የጌዴኦ ድንጋዮች በዚህ ረገድ ከድምፁ የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። ከዲላ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወናጎ ሲወረድ ያሉትን ትክል ድንጋዮች በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው አባ አዛይስ ዞሮ መዘገባቸው። በ1934 እና 1935 የፍራንክፈርቱ የፍሮቤኒየስ ተቋም ቡድን በአዶልፍ የንሰን መሪነት መጥቶ ባህሉንና ድንጋዮቹን አጠና፤ የንሰን በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን የሚጠራው ደራሳ ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ቱቶ ፈላ የተባለው የትክል ድንጋይ ስፍራ ተቆፈረ። በ2021 የታተመ ጥናት ሳካሮ ሶዶ በተባለው በሌላው የጌዴኦ ስፍራ ያሉት ድንጋዮች ከተተከሉ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላቸው ምንም ያህል እንዳልቀረ አሳየ፤ ቀድሞ ከታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል የቀደመ ማለት ነው። መስከረም 2023 ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ከእንሰቱና ከቡናው፣ ከደኑና ከትክል ድንጋዩ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ባረፉበት ዓመት ማለት ነው።

መልክዓ ምድሩ የተመዘገበው ሰው ስለሚኖርበት ነው። ሰውም ያዜማል። ቡና ሲለቀም፣ እንሰት ሲፋቅ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ሽማግሌ ሲቀበር፣ በዳራሮ በዓል አባ ገዳው ምስጋና ሲያቀርብና ሲመርቅ፣ በሶንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲዳኙ፣ ጌዴኡፋ በቃል ብቻ አይነገርም፤ ዜማ፣ ምርቃትና ቅብብል አለበት። እንሰቱ ከሥሩ ሌላ ችግኝ እንደሚያወጣ ሁሉ ዜማውም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወጣው አብሮ በመሥራትና አብሮ በመቀመጥ ነው። ልጁ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቀዬው ሲርቅ ችግኙ አይተከልም። ዩኔስኮ መልክዓ ምድሩን ሲመዘግብ ድንጋዩን፣ ደኑንና ሥርዓቱን ተመለከተ። የአንዲትን የጌዴኦ እናት ድምፅ፣ ስሟንና ቀበሌዋን ግን የሚመዘግብ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ባርቶክና ኮዳይ ሐንጋሪ ውስጥ ያደረጉትን ጌዴኦ ውስጥ ለማድረግ ዛሬ ሸክሙ ከባድ አይደለም። በ1906 ካሽከ ወደ አክሱም የተሸከመው መሣሪያ በበቅሎ የሚጫን፣ አንዱ የሰም ጥቅልም ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ነበር። ዛሬ ዲላ መናኸሪያ የሚቆም ወጣት ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ያንን ሁሉ ይበልጣል፤ ሰዓታት ይቀዳል፣ ጥራቱም የጄንኪንስን መቅረጫ አያሳፍርም። በ1996 በመምህራንና በጤና ኮሌጅነት ተጀምሮ በ2006 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዲላ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ አለ፤ ለቋንቋውና ለአገር በቀል እውቀት ተመራማሪዎች አሉት። በጌዴኡፋ የሚሰራጩ የራዲዮ ዝግጅቶች አሉ። የጎደለው መሣሪያ አይደለም።

የጎደለው ስም የመጻፍ ልማድ ነው። ተሰማ እሸቴ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ጆሮ የተመለሰው ሸክላው ላይ ስሙ ስለነበረ ነው። እማሆይ ከ39 ዓመት በኋላ የተገኙት ስማቸው ስለታተመ ነው። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የጌታመሳይን መሰንቆ ያስቀረው የማን እጅ እንደሆነ ስለታወቀ ነው። ስም የሌለው ድምፅ ግን የት ይፈለጋል? «ደራሳ» ተብሎ የተቀመጠው የጌዴኦ ድምፅ በየመደርደሪያው ያለው ዕድል ይኸው ነው፤ ባለቤቶቹ በራሳቸው ስም ፈልገው አያገኙትም።

እንግዲህ ለፈላጊው አንድ መንገድ፣ ለቀጂው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ፈላጊው የውጭ ቤተ መዛግብትን ሲጠይቅ «ጌዴኦ» ብሎ አይቁም፤ «ደራሳ» ብሎ ይጠይቅ፣ «ሲዳሞ» ተብሎ የተመዘገበውን እያዳመጠ ቋንቋውን ይለይ፣ ጌዴኡፋ የሚችል ሽማግሌ አጠገቡ ያስቀምጥ። በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያለውንም ሳይጎበኝ አይለፍ፤ ከ1963 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበ ሀብት አለና። ያገኘውንም ለመንደሩ መልሶ ያሰማ፤ ድምፁን የሚያውቅ አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

ቀጂው ደግሞ በሚቀጥለው ዳራሮ፣ በሚቀጥለው ሠርግ፣ በሚቀጥለው የቡና ለቀማ ስልኩን ሲያወጣ አስቀድሞ ይፈቀድለት ዘንድ ይጠይቅ። ቀረፃውን ሲጀምርም ዘፋኟ ራሷ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቀበሌዋንና የዕለቱን ቀን በጌዴኡፋ እንድትናገር ያድርግ። ከዚያ ትዝፈን። ያ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ሲገለበጥ፣ ርእሱ «ትራክ 07» ቢሆን እንኳ የዘፋኟ ስም በድምፁ ውስጥ ይቀራል።